ጉልበት እያገገመ ቸርችልን በሳይክል ለመውጣት የትኛውን ማርሽ ልቀይር?

ሳይክል የምትጠግኑ፣ እባካችሁ ምክር። ሐኪም ቀለል ያለ ፔዳል ፈቅዶልኛል። ለገሃር አካባቢ ሜዳው ላይ ጉልበቴ ደህና ነው፤ ቸርችልን ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን ፊት ለፊቱን ያመኛል። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛ ኮርቻ ይመጣል፤ የኔ ግን ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቴ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚታጠፈው። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ማርሹ ላይ ነው፦ የፊቱ 42 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 28። ዳገቱ ላይ በደቂቃ 50 ዙር እንኳ አይሞላም፣ በዝግታ እየገፉ መውጣት ደግሞ ለጉልበት ጠላት ነው። የፊቱን እንዳላሳንስ ጥርሱን የሚይዙት ብሎኖች የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 130 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ38 በታች አይቀበልም፤ ለዚያች ለውጥ ብር ማውጣት አያዋጣም። የኋላውን 34 ባደርገው ባለ አጭር ክንዱ የኋላ ማርሽ ቀያሪ ይችለዋል ወይስ ባለ ረጅም ክንዱን ልግዛ? ካቴናውስ? ያገለገለ ዕቃ መርካቶ ይገኛል?