የቀን ገቢዬ ግምት በምን ተሰላ?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ትንሽ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አለኝ። የሂሳብ መዝገብ ስለማልይዝ ግብሬ የሚወሰነው በግምት ነው። ዘንድሮ የቀን ገቢዬን ከአምናው እጥፍ አደረጉት። የሰጡኝ ወረቀት ላይ ያለው ስሜ፣ ቁጥሩና ማኅተሙ ብቻ ነው። «በምን ተሰላ?» ስል «ኮሚቴው ነው የገመተው» አሉኝ። ቃለ ጉባኤውን ብጠይቅም አላሳዩኝም።

ግብር አልከፍልም አላልኩም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ክልሉ ከግለሰብ ነጋዴ ግብር እንዲሰበስብ ይፈቅዳል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስሌቱን ሳላይ ምኑን ይዤ ልከራከር?

ሐምሌ ሳያልቅ ቅሬታ ማስገባት እፈልጋለሁ። ሕግ የምታውቁ ወንድም እህቶቼ፣ ስሌቱን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ የሚያስገድዳቸው የትኛው የሕግ አንቀጽ ነው?