የካሲዮፕያን ኮከቦች ከስሜን ገደል በላይ አነሳኋቸው፣ እንዴት ላሳትማቸው?

የማታ ካሜራ
ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር ላይ ስሜን ተራሮች ወጥቼ የሌሊት ሰማይ ፎቶ አንስቼ መጣሁ። ገደሉ ወደ ሰሜን ስለሚያይ ካሲዮፕያና ሴፌዎስ የሚባሉት የኮከብ ስብስቦች ልክ ከአፋፉ በላይ ነው የቆሙት። ታሪኩን ለማታውቁ፣ በግሪኮች ተረት ሴፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ ካሲዮፕያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው። እናትየው በቁንጅና የባሕር ልጃገረዶችን እናስንቃለን ብላ ስትፎክር የባሕር አምላኩ ፖሲዶን ተቆጥቶ አውሬ ላከባቸው፣ ልጅቱም ዐለት ላይ ታሰረች፣ መጨረሻ ላይ ጀግናው ፐርሲየስ ደርሶ አዳናት። አሁን ጥቂቶቹን በትልቁ አሳትሜ መሸጥ አስቤያለሁ፣ ሳሎን የሚሰቀል ዓይነት። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው። ካንቫስ ይሻላል ወረቀት? እስከ ስንት ይተልቃል? ስማቸውንስ ከተረቱ ልስጥ ወይስ «ስሜን በሌሊት» ብዬ ልለፈው?

ቀለምና ወረቀት
ካንቫሱን እርሳው። ሽመናው ትንንሾቹን ኮከቦች ይበላቸዋል። 24 ሜጋፒክስል 6000 በ4000 ፒክስል ነው፣ በኢንች 300 ፒክስል ብታደርገው 50 በ34 ሴንቲሜትር አካባቢ ይወጣልሃል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ማንም አፍንጫውን አስጠግቶ አያይም፣ ወደ 200 ብታወርደው 76 በ51 ያለ ችግር ይሄዳል። ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ የጥጥ ወረቀት ያምራል ግን ጥቁሩ ይደበዝዛል፣ ለሌሊት ሰማይ ባራይታ የሚባለው ጥቁሩን አጥቁሮ የሚያወጣ የፎቶ ወረቀት ይሻላል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ስክሪን ከጀርባው መብራት አለው፣ ወረቀት የለውም፣ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይህ ገደል ሲታተም ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። የጨለመውን ክፍል ትንሽ አብርተህ መጀመሪያ በኤ4 ሞክረው። ፍሬም ውስጥ ተራ መስታወት እንዳታስገባ፣ ገዢው የሚያየው የራሱን ፊት ነው የሚሆነው 😂

ተጠራጣሪው
ፎቶው ይመር እንጂ «የኛ ንግሥት» እያልክ አትሽጥ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር በጅምላ ነበር። ታሪኩን እስራኤል ባለችው የወደብ ከተማ በያፋ ያደረጉትም አሉ።

ከቴል አቪቭ
ያፋ ለኔ ቅርብ ነው። ወደቡ ፊት ለፊት ያሉት ቋጥኞች እስከ ዛሬ የአንድሮሜዳ ዐለት ነው የሚባሉት፣ ቱሪስት ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። ይሁን እንጂ ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ራሱ ልጅቷ ጠይም እንደነበረች ጽፏል፣ የአውሮፓ ሰዓሊዎች ግን ስንት መቶ ዓመት ነጭ አድርገው ሲስሏት ኖሩ። እና አንድ ሐበሻ በራሱ ካሜራ፣ በራሱ ተራራ ላይ ቢያወጣት ምን አለበት? እኔ በበኩሌ ስሟ ካለበት እገዛለሁ፣ «ስሜን በሌሊት» የሚለውን ግን አልገዛም፣ እሱ የካላንደር ርዕስ ነው።

ሰማይ ጠባቂ
ስሙን ስጠው፣ ግን ኮከቡ በእርግጥ ፎቶው ውስጥ ይኑር። የፍኖተ ሐሊብን (የሚልኪ ዌይን) እምብርት አንስቶ «አንድሮሜዳ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ያናድደኛል፣ እምብርቱ ያለው ሳጂታሪየስ የሚባለው የኮከብ ስብስብ ጋ ነው፣ ሌላ ሰማይ በለው። ያንተው ቦታና ወር ትክክል ነው። ኅዳር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ካሲዮፕያ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ ከኛ አገር ስትታይም እንደ እንግሊዝኛው ደብልዩ ሳይሆን እንደ ኤም ነው። ከሷ በላይ ጭጋግ የመሰለች ትንሽ ነጠብጣብ ካገኘህ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። አንድ ጥያቄ፦ በስንት ሰከንድ አነሳኸው? 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍለህ በሚወጣው ሰከንድ አንሳ የሚሉት ስልክ ላይ ለሚታይ ፎቶ ነው። በትልቁ ሲታተም ኮከቦቹ ሰረዝ ይሆኑብሃል።

የማታ ካሜራ
በ20 ሚሊሜትር፣ 12 ሰከንድ ነው። አጉልቼ አየሁት፣ ነጥብ ናቸው። ጋላክሲዋም አለች! ስሙን ከተረቱ አደርጋለሁ፣ ከጀርባው ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ «የኛ» የሚለውን ግን እተወዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባራይታ ላይ የሚያትም የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።