የ68ቱን የታንኳ ፎቶ ፖስት ካርድ ባደርገው የማንን መብት እነካለሁ?

የጣና ዳር ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖቼ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ትንሽ ካፌ አለችኝ። ሰሞኑን የእናቴን ሣጥን ስከፍት አሮጌ ፎቶዎች አገኘሁ። አንዱን ሳየው እንባዬ መጣ። አባቴ ነው፣ ደንገል ታንኳ ላይ ቆሞ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማህተም አለ፤ ከሥሩ «68» ይላል። ሁለተኛው በ1985 የተነሣ የጎረቤታችን ሠርግ ነው፣ ማህተምም ስምም የለውም። ሦስተኛው መስከረም 2000፣ ለሚሌኒየሙ የተነሣ የከተማው ፎቶ ነው፤ ጥጉ ላይ የፎቶ አንሺው ስምና አድራሻ አለ።

ሐሳቤ አሳድጌ ካፌው ግድግዳ ላይ ልሰቅላቸው፣ ፖስት ካርድም አሳትሜ ልሸጥ ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት አርፈዋል። ልጃቸው ግን «ኔጋቲቩ እኔ ጋ ነው፤ ሳትከፍይ አንዲት ካርድ እንዳታሳትሚ» አለኝ። እውነቱን ነው?

ከሕግ ሠፈር
እህቴ፣ የሚመለከትሽ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ ቢሆን ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ፎቶ ግን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። አንሺው መቼ እንዳረፈ አይጠየቅም። 68 ላይ 25 ስትደምሪ 93 ነው። «68» የፈረንጅ ቢሆን እንኳ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ልጁ በቅጅ መብት ሊያስከፍልሽ አይችልም።

የሚሌኒየሙ ሌላ ነው። እስከ 2025 ይጠበቃል፣ ስምና አድራሻም አለበት። አዋጁ ለፎቶ ጥበቃ የሚሰጠው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ሰውየውን ፈልጊና በጽሑፍ ፈቃድ ያዢ።

አንድ አንባቢ
ኢንተርኔት ላይ 70 ዓመት ነው የሚለው። እንዳትሳሳት!

ከሕግ ሠፈር
እሱ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነው፣ አንሺው ካረፈ በኋላ የሚቆጠር። እሷ ባሕር ዳር አሳትማ ባሕር ዳር ስትሸጥ የሚገዛት የእኛ ሕግ ነው። ካርዱን ውጭ አገር ልሽጥ ካለች ያኔ የዚያን አገር ሕግ ታያለች።

በጨለማ ክፍል ያረጀ
ልጄ፣ እኔም ፎቶ ቤት ነበረኝ። የልጁን ስሜት አውቀዋለሁ። ያንን ፎቶ አባቱ ሌሊት በቀይ መብራት፣ መድኃኒት እያሸተተ ያጠበው ነው። መብቱ አለቀ ማለት ኔጋቲቩ ያንቺ ሆነ ማለት አይደለም። ፊልሙ የእሱ ንብረት ነው፤ አውጥቶ ለመስጠት ዋጋ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ያንቺ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት ስካን ከማድረግ ግን ሊከለክልሽ አይችልም።

አንድ ነገር አጣሪ። ማህተም አንዳንዴ ፎቶው የታተመበት ቀን ነው እንጂ የተነሣበት አይደለም። እኛ ከአሮጌ ኔጋቲቭ ደግመን ስናትም አዲስ ቀን እንመታ ነበር። እናትሽን ጠይቂ። አልበም ላይ ተጣብቆ ከሆነ አትላጪው፣ እዚያው እንዳለ ስካን ይደረግ። ጀርባውንም ስካን አስደርጊ፣ ማስረጃሽ እሱ ነው። ካርዱ ላይ ደግሞ የፎቶ ቤቱን ስም ጻፊለት። እባክሽ።

የዘጌዋ
ስለ ፎቶ አንሺው ብቻ አወራችሁ። የሠርጉ ፎቶ ውስጥ ያለችው ሙሽራስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ታዋቂ ሰው ወይም የአደባባይ በዓል ከሆነ ልዩ ሁኔታ አለው። የጓዳ ሠርግ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ፎቶው 25 ዓመት ሞላው ብሎ ፊቷ የሁሉም ሰው አይሆንም። ሄደሽ ቡና እየጠጣችሁ ጠይቂያት። ሰው ካረፈ ደግሞ መብቱ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። አባትሽን በተመለከተ ወንድም እኅት ካለሽ አማክሪያቸው።

የጣና ዳር ልጅ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። እናቴን ጠየቅኋት። «ታላቅ ወንድምሽን ባረገዝኩ ዓመት ነው የተነሣው» አለች፤ እሱ የተወለደው በ1968 ነው። ማህተሙ ልክ ነው ማለት ነው። ወንድሜም ደስ ብሎታል።

ሙሽራዋ ጋ ሄጄ ነበር። ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብላለች፣ ካርድ ግን አልፈለገችም። ስለዚህ አላሳትመውም። የሚሌኒየሙን ፎቶ አንሺ ገና አላገኘሁትም፤ እስካገኘው ይቆያል። ጋሼ፣ የፎቶ ቤቱን ስም ከአባቴ ስም ጎን አጽፈዋለሁ። ነገ ለልጃቸው ናሙናውን ይዤለት እሄዳለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ የማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ላይ የሚያትም ማተሚያ ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ።