የፍሎራይድ ኤሌክትሮዴ ስሎፕ −43 ላይ ቀረ፤ የጉድጓድ ውሃ ውጤቴን ልመነው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ በመቂና በዝዋይ አካባቢ ጉድጓዶች ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ ነው። 40 ናሙና በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ለክቻለሁ። ስታንዳርዱንም (የፍሎራይዱ መጠን የታወቀውን መፍትሔ) ናሙናውንም ከቲሳብ (ፒኤቹንና የጨው መጠኑን ከሚያስተካክለው መፍትሔ) ጋር እኩል በእኩል፣ 10 ሚሊ ሊትር በ10 ሚሊ ሊትር ነው የቀላቀልኩት። ስታንዳርዶቹ ሲለኩ (በሚሊ ግራም በሊትር) ያነበብኩት እነሆ፦

0.5 → 89 ሚሊቮልት
1 → 80
2 → 68
5 → 49
10 → 33

በሎግ ሳወጣው አር ስኩዌሩ (ነጥቦቹ ምን ያህል ቀጥ ባለ መስመር ላይ እንደሚያርፉ የሚያሳየው ቁጥር) 0.99 ነው፤ ስሎፑ (መጠኑ አሥር እጥፍ ሲሆን ንባቡ የሚለወጥበት ሚሊቮልት) ግን −43.4 ሆነ። የመሣሪያው ማኑዋል ከ−54 እስከ −60 መሆን አለበት ይላል። አማካሪዬም በዚህ ስሎፕ ውጤቱን አልቀበልም ብለዋል። ስህተቱ የት ይሆን?

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። ከናሙናዎቹ 6ቱ በአሉምና በኖራ (በናልጎንዳ ዘዴ) ቤት ውስጥ የታከሙ ናቸው። እነዚህ ላይ ስፓይክ ሳደርግ (የታወቀ መጠን ፍሎራይድ ስጨምርባቸው) ሪከቨሪው፣ ማለትም ከጨመርኩት ተመልሶ የሚለካው፣ 71 በመቶ ብቻ ነው። ሲዲቲኤ (አሉሚኒየምን የሚይዝ ኬሚካል) ስላላገኘሁ ቲሳቡን ያለ እሱ ነው የሠራሁት። ትብብራችሁን እሻለሁ።

ላብ 7፦
ኤሌክትሮዱ ያረጀ ይመስለኛል። ክሪስታሉን በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ቀስ ብለሽ አሺው፣ በደንብ እጠቢው፣ ከዚያ እንደገና ለኪ። ካልተሻሻለ ቀይሪው።

አዋሽ ዳር፦
እህቴ፣ ኤሌክትሮድ ለመግዛት አትቸኩዪ። ቁጥሮችሽን ጥንድ ጥንድ አድርገሽ እዪያቸው። መጠኑ እጥፍ በሆነ ቁጥር ንባቡ ወደ 17 ሚሊቮልት መውረድ አለበት። ከ5 ወደ 10 የወረደው 16 ነው፤ ጤነኛ ነው። ከ1 ወደ 2 ግን 12፣ ከ0.5 ወደ 1 ደግሞ 9 ብቻ። ክሪስታሉ ያረጀ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ይደክም ነበር። ያንቺ የታመመው ታችኛው ጫፍ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በስታንዳርዶችሽ ውስጥ ያልጨመርሽው ፍሎራይድ እንዳለ ያሳያል።

ስንት እንደሆነም ከቁጥሮችሽ ይወጣል። በእያንዳንዱ ስታንዳርድ ላይ 0.6 ጨምሪበት፤ 1.1፣ 1.6፣ 2.6፣ 5.6፣ 10.6 ይሆናሉ። በነዚህ ሎግ ስትሠሪው አምስቱም ነጥብ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፣ ስሎፑም ወደ −57 ይመለሳል። 0.6 ለ10 ምንም አይደለም፤ ለ0.5 ግን ከራሱ ይበልጣል። አር ስኩዌር ይህን አላሳየሽም፤ አምስት ነጥብ ብቻ ሲሆን ጎባጣ መስመርም 0.99 ይሰጣል። ስለዚህ ከአር ስኩዌር በፊት በየጥንዱ ያለውን ልዩነት ማየት ይሻላል።

ነገሩ የማኑዋል ቁጥር የማሟላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። 80 ሚሊቮልት የሰጠሽን ጉድጓድ በአሁኑ መስመር ብታሰዪው 0.93 ይወጣል። ፍሎራይዱ የገባው በማቅጠኛው ውሃ ከሆነ ግን ትክክለኛው 1.6 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ስለሆነ፣ ከወሰኑ ያለፈ ጉድጓድ “ደህና ነው” ተብሎ ሊጻፍ ነው። ሰው የሚጠጣው ነውና 40ውንም ሳታጣሪ እንዳትጽፊ።

ፒፔት፦
አዋሽ ዳር ያለው ትክክል ነው። አሁን መለየት ያለብሽ ፍሎራይዱ የመጣው ከማቅጠኛው ውሃ ነው ወይስ ከቲሳቡ የሚለውን ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከቲሳቡ ከሆነ ናሙናውም ስታንዳርዱም እኩል ተጭኖባቸዋልና ያ 80 ያነበበው ጉድጓድ 1.0 ነው። ከውሃው ከሆነ ደግሞ ስታንዳርዱ ብቻ ነው የተጫነበት፤ ጉድጓዱ 1.6 ይሆናል።

አራት ብላንክ (ናሙናም ስታንዳርድም የሌለበት፣ ውሃና ቲሳብ ብቻ) ሥሪ፤ አሮጌ ውሃ በአሮጌ ቲሳብ፣ አሮጌ ውሃ በአዲስ ቲሳብ፣ አዲስ ውሃ በአሮጌ ቲሳብ፣ አዲስ ውሃ በአዲስ ቲሳብ። አዲሱን ውሃ ከሌላ ላብራቶሪ አምጪ። አዲሱን ቲሳብ ለመሥራትም አሮጌውን ውሃ እንዳትነኪ። በኤሌክትሮድሽ ሁኔታ ንጹሕ ብላንክ ከ160 ሚሊቮልት በላይ መውጣት አለበት። ወደ 104 አካባቢ የቆመ ካለ 0.6ቱ እዚያ ነው። ብላንክ ላይ ንባቡ ቶሎ አይረጋም፤ 10 ደቂቃ ያህል ታገሺው።

የውሃውን ኮንዳክቲቪቲም (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) ለኪ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከ10 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር ካለፈ ለስታንዳርድ አትጠቀሚበት። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የቧንቧው ውሃ ራሱ ፍሎራይድና ባይካርቦኔት አለው። የዲስቲለሩ ገንዳ ዝቃጭ ከያዘ ውሃው ሲፈላ ያረፋል፣ ጠብታውም ከእንፋሎቱ ጋር ይሻገራል። በቧንቧ ውሃ የታጠበና ጠጣሩ ግድግዳው ላይ የደረቀ ጄሪካንም እንዲሁ ያበላሻል።

ኬሚ፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። 71 በመቶ የሆነው አሉሚኒየሙ ፍሎራይዱን ይዞት ነው። ኤሌክትሮዱ የሚያየው ነጻውን ፍሎራይድ ብቻ ነው፤ ከአሉሚኒየም ጋር የተያያዘውን አያየውም። ሲዲቲኤ ቲሳብ ውስጥ የሚገባው አሉሚኒየሙን እንዲቀማው ስለሆነ፣ ያለ እሱ የሠራሽው ቲሳብ ላልታከመ ጉድጓድ ሊበቃ ቢችልም ለናልጎንዳ ውሃ አይበቃም።

ለ1 ሊትር እንዲህ ሥሪው። 500 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 57 ሚሊ ሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ 58 ግራም የገበታ ጨው ሳይሆን የላብራቶሪ ሶዲየም ክሎራይድ፣ 4 ግራም ሲዲቲኤ። ሲዲቲኤ ከጠፋ በምትኩ 12 ግራም ሶዲየም ሲትሬት ዳይሃይድሬት ይገባል። ቢከሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ 6 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ፣ ፒኤቹ ከ5.0 እስከ 5.5 ሲደርስ አቁሚ። ይህ ክፍል ይግላል፤ ጭስ መሳቢያው ሥር ይሁን፣ መነጽርና ጓንትም አድርጊ። ክፍሉ ሙቀት ላይ ሲመለስ ፒኤቹን እንደገና አይተሽ እስከ 1 ሊትር ሙዪው።

ፒኤቹ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ከ5 በታች ሲወርድ ፍሎራይዱ ከሃይድሮጅን ጋር ይያያዝና ይደበቃል፤ ከ8 ሲያልፍ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ሃይድሮክሳይዱን እንደ ፍሎራይድ ይቆጥረዋል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ባብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። ፍሎራይዱ የሚከማቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጥ ነበር። ስለዚህ በጣም አልካላይ ናሙና ከቲሳቡ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ፒኤቹን ለክተሽ 5.0–5.5 ውስጥ መሆኑን አረጋግጪ።

ሲቀላቀል እንደ አምቦ ውሃ ይፈልቃል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ነው። አረፋው እስኪያልቅ ጠብቂ። አንዷ አረፋ ክሪስታሉ ሥር ከተለጠፈች ንባቡ 5 ሚሊቮልት ይዘላል፣ አይረጋምም። ኤሌክትሮዱን ትንሽ ዘንበል አድርገሽ አስገቢውና ከጎን እዪው፤ አረፋ ካለ በጣትሽ ቢከሩን ነካ ነካ አድርጊው።

ስፓይኩን እንዲህ ድገሚ። 25 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 0.25 ሚሊ ሊትር የ100 ሚሊ ግራም በሊትር ስታንዳርድ ስትጨምሪ ወደ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ይጨመርለታል። ከዚያ ቲሳቡን እኩል ቀላቅለሽ 30 ደቂቃ አቆዪው፤ አሉሚኒየሙ ወዲያው አይለቅም። ሪከቨሪው ከ90 እስከ 110 በመቶ ከገባ ጨርሰሻል። ካልገባ ናሙናውን በእጥፍ አቅጥነሽ ሞክሪ፤ አሉሚኒየሙም አብሮ ይቀጥናል።

አዋሽ ዳር፦
ኬሚ ላይ አንድ ልጨምር። የናልጎንዳ ናሙና ውስጥ የተንሳፈፈ ነጭ ዝቃጭ ካለ ሳታጣሪ ቲሳብ አትጨምሪበት። አሲዱ ዝቃጩን አሟሙቶ የያዘውን ፍሎራይድ ይለቀዋል፤ ሰው የማይጠጣውን ለክተሽ ይበዛብሻል። በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፊውና በጥናትሽ ላይ “የተጣራ” ብለሽ ግለጪው።

ላብ 7፦
የኔን ምክር አንሥቻለሁ፤ ጥንድ ጥንዱን ሳላይ ነው የጻፍኩት። ይልቅ በስፓድንስ (ፍሎራይድን በቀለም ለውጥ በሚለካው ዘዴ) ለክታ ብታመሳክርስ?

ኬሚ፦
ለማመሳከር አይሆንም። ስፓድንስ ቀጥታ የሚያነበው እስከ 1.4 ሚሊ ግራም በሊትር ድረስ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ፎስፌትና ከፍተኛ አልካሊኒቲም ያዛቡታል። የናልጎንዳውን ናሙና በቅድሚያ ዲስቲል ካላደረገችው ከኤሌክትሮዱ የባሰ ያሳስታታል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አራቱን ብላንክ ሠራሁ። አሮጌ ውሃ በአሮጌ ቲሳብ 104፣ አሮጌ ውሃ በአዲስ ቲሳብ 103፤ አዲስ ውሃ በአሮጌ ቲሳብ 166፣ በአዲስ ቲሳብ 168። የአሮጌው ውሃ ኮንዳክቲቪቲ 140 ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የውሃው ነው። የቀሩኝ ጥያቄዎች፦ ያሉኝን ሚሊቮልቶች 0.6 ጨምሬ እንደገና ላስላቸው ወይስ ሁሉንም ልድገም? ናሙናዎቹ ከተወሰዱ 17 ቀን ሆኗቸዋል፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ናቸው፣ አሲድ አልጨመርኩም።

ፒፔት፦
ድገሚ። ለፍሎራይድ ናሙና የተለመደው ገደብ 28 ቀን ነው፤ ፕላስቲክ መሆኑም አሲድ አለመጨመርሽም ትክክል ነው፣ 11 ቀን አለሽ። 0.6ቱን ጨምሮ ማስላት ስህተቱን ለመረዳት ይጠቅማል እንጂ ለውጤት ሠንጠረዥ አይሆንም። በዚያ ውሃ ያቀጠንሻቸው ናሙናዎች ካሉ ደግሞ እነሱ ላይም ሌላ ጭነት አለ፤ በመስመሩ ብቻ አይታረሙም።

ስትደግሚ አዲስ ስቶክ (ስታንዳርዶቹ የሚቀጠኑበት ዋና መፍትሔ) ሥሪ። በ105 ዲግሪ 2 ሰዓት የደረቀ ሶዲየም ፍሎራይድ 0.221 ግራም በ1 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ግራም በሊትር ይሰጥሻል። ሶዲየም ፍሎራይድ መርዝ ነውና ፒፔት በአፍ አትሳቢ። ፍላስክ ውስጥ ካቀጠንሽ በኋላ ወዲያው ወደ ፕላስቲክ ገልብጪው። ከ0.5 ጀምረሽ ወደ 10 እየወጣሽ ለኪ፤ በየመካከሉ ኤሌክትሮዱን አጥበሽ በሶፍት አድርቂው፣ አትፈግፍጊው። ማግኔቲክ ስተረሩ ስለሚሞቅ ቢከሩ ሥር ወፍራም ካርቶን አድርጊ፤ የ1 ዲግሪ ልዩነት ውጤቱን ወደ 2 በመቶ ያዛባዋል። በየ10 ናሙናው የ2 ሚሊ ግራም ስታንዳርዱን መልሰሽ ለኪ፤ ከ2 ሚሊቮልት በላይ ከተንቀሳቀሰ አቁመሽ እንደገና ካሊብሬት አድርጊ።

ጠያቂዋ፦
በአዲሱ ውሃ ስታንዳርዱን ደገምኩት፦ 109፣ 92፣ 75፣ 52፣ 35። ስሎፑ −57። ነገ ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ 10 ናሙናዎች እጀምራለሁ።

አዋሽ ዳር፦
ቀድሞ ከ0.8 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ከወደቁት ጀምሪ። ወሰኑን ሊሻገሩ የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለቴ ለኪያቸው።