በታሪክ ዲግሪ ወደ ንግዱ ዘርፍ እንዴት ልግባ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጎንደር ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣውን ሰሊጥ ወደ ውጭ በሚልኩ ድርጅቶችም ሆነ በባንኮች ለመቀጠር ስሞክር፣ ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ኢኮኖሚክስ ስለሚጠይቁ ማመልከቻዬ ገና ከመዝጋቢው ጠረጴዛ ይመለሳል።

ሆኖም እርስ በርስ የሚጋጩ ምንጮችን አመሳክሮ የሚታመነውን መለየት፣ የረጅም ሰነድን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ ማቅረብ፣ ውል ለሚመረምርም ሆነ ገበያ ለሚያጠና ሰው የሚጠቅም ችሎታ ይመስለኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2005 የአሜሪካውን የኮምፒውተር ኩባንያ ሂውሌት ፓካርድን (HP) የመሩት ካርሊ ፊዮሪና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት በመካከለኛው ዘመን ታሪክና በፍልስፍና ነው፤ በኋላ ግን የንግድ አስተዳደር ማስተርስ ጨምረዋል፤ እኔንም ግራ ያጋባኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ በሰው ሀብት አስተዳደር ወይም በብድር ክፍል የምትሠሩ፣ አልያም እንደ እኔ ካለ መነሻ ወደ ንግድ የገባችሁ ወገኖች፣ ለማስተርስ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት አጭር የሂሳብ አያያዝ ሥልጠና ይበቃኝ እንደሆነ፣ የመመረቂያ ጥናቴንም ቀጣሪ በሚረዳው መንገድ እንዴት ብገልጸው እንደሚሻል ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።