እናቱ ለታመመችበት የ14 ዓመት ልጅ የሚሆን ልቦለድ ጠቁሙኝ

የቀበናዋ፦ ለወንድሜ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ያነባል። እናቱ የካንሰር ሕክምና ላይ ናት። የምክር መጽሐፍ አልፈልግም፣ ልቦለድ ይሁን። አዲስ አበባ የት ይገኛል?

ብራና፦ የፓትሪክ ኔስን «ኤ ሞንስተር ኮልስ» (2011 እ.ኤ.አ.) አስቀድሚ። ሐሳቡ የሺቮን ዳውድ ነበር፤ በካንሰር ሞታ ሳትጽፈው ስለቀረች ኔስ ጻፈው፣ ጂም ኬይ ሥዕሉን ሠራ። ዋናው ልጅ ኮነር 13 ዓመቱ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ከቤታቸው ጀርባ በመቃብር ስፍራ ያለው ዛፍ ጭራቅ ሆኖ ይመጣበታል፣ ሦስት ተረት ይነግረዋል፣ አራተኛውን ግን ልጁ ራሱ እንዲናገር ያስገድደዋል። አራተኛው ልጁ የሚያፍርበት ሐሳብ ነው፦ «አልቆ በተገላገልኩ»። ብዙ አስታማሚ ልጆች ይህን ለማንም አይናገሩም፤ የመጽሐፉ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እናቲቱ አትድንም። ሕክምናው እየሠራላት ላለች እናት ልጅ መጨረሻው እንደ ትንቢት ሊሆንበት ስለሚችል ቀድመሽ አንብቢው።

ሜሪ፦ «ዘ ፎልት ኢን አወር ስታርስ»!!! ያስለቅሳል።

ብራና፦ እዚያ የታመመችው ልጅቷ ራሷ ናት። የተጠየቀው ወላጅ ለታመመበት ልጅ ነው።

ሜሪ፦ ያው ካንሰር ነው እኮ።

ጥቁር ገጽ፦ «ሞንስተር»ን የምትገዙ ተጠንቀቁ። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ፎቶ ኮፒ ሆኖ አገኘሁት። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም የተሠራ ስለሆነ ሲባዛ ዛፉ ከቤቱ አይለይም፣ ሁሉም ጥላሸት ነው። በዚያ ላይ መሃል ላይ ገጽ ጎድሏል። «አንመልስም» አሉኝ።

ሰሎሜ፦ የትኛው ሱቅ ነው? ስሙን አውጣው።

ጥቁር ገጽ፦ ክስ አልፈልግም።

ሰሎሜ፦ እንግዲያው ምን ልታደርግልን ነገርከን?

ደንበኛ፦ ለገሃር ደንበኛዬ ጋ ሂጂ። ከእሱ የሚሻል መጽሐፍ ሻጭ የለም።

ጥቁር ገጽ፦ እሱስ ኦሪጅናል ነው የሚሸጠው?

ደንበኛ፦ ሰውየው ታማኝ ነው አልኩህ!

ጠራዥ፦ ጠብ ከሚሆን እንዴት እንደሚለይ ልንገራችሁ። ወረቀቱን እዩ፤ ኮፒው ብዙ ጊዜ የቢሮ ነጭ 80 ግራም ወረቀት ነው። የሽፋኑን ትንንሽ ጽሑፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ከፎቶ ስለሚነሳ ጠርዙ ይደበዝዛል። መሃሉን ከፍታችሁ ጫን በሉት፤ ሙጫው ከሰነጠቀ ወይም ጽሑፉ ወደ ጥራዙ ከገባ ተዉት። ገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈረፈር አድርጋችሁ ተከተሉ። የዚህ መጽሐፍ ደግሞ ሁለት ገጽ የሚሞላ ሥዕል ፈልጉ፤ በጥቁሩ ውስጥ ግራጫ መስመሮች ካልታዩ ኮፒ ነው። ሥዕል የሌለው ሕጋዊ እትምም ስላለ ሽፋኑ ላይ የጂም ኬይን ስም ፈልጉ።

አባ መላ፦ ፍቅር እስከ መቃብርን ስጪው። ከእሱ የሚበልጥ አልተጻፈም።

ሰሎሜ፦ ድንቅ ነው! በዛብህም ሰብለም ጉዱ ካሳም የሚሞቱበትን ሰጥተን ልጁን እናጽናናው።

አባ መላ፦ ክላሲክ ነው ያልኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለምን ትለፋላችሁ፣ ሊቢ የሚባለው አፕ ላይ በነጻ አለ።

ጠራዥ፦ ሊቢ የሚከፈተው በቤተ መጻሕፍት ካርድ ነው፤ ካርዱን ደግሞ የሚሰጡት በአብዛኛው ለአካባቢያቸው ነዋሪ ነው። አሜሪካ ላሉት ለእርስዎ ይሠራል፣ ለቀበና ልጅ አይሠራም።

ብራና፦ ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። ቤተሰቡ በሽታውን ከጎረቤት የሚደብቅ ከሆነ የአለን ስትራተን «ቻንዳስ ሲክሬትስ» (2004 እ.ኤ.አ.) ይቀርበዋል። የ16 ዓመቷ ቻንዳ እናቷ በኤድስ ታማለች፤ ቤቱን ከበሽታው እኩል የሚያደቀው ዝምታውና የሰፈር ወሬው ነው። ታሪኩ ስሟ ባልተጠቀሰ የአፍሪካ አገር ነው፤ 2010 ላይ «ላይፍ፣ አቦቭ ኦል» የሚል ፊልም ወጥቶለታል። የወሲብ ጥቃት ስላለበት ለ14 ዓመት ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ቢሆን ይሻላል። የተጻፈው መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን መሆኑም ይነገረው፤ እኛ ጋ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ለስለስ ያለ ከተፈለገ የዴቦራ ኤሊስ «ዘ ሄቨን ሾፕ» አለ፤ ማላዊ ነው፣ ባለታሪኳ 13 ዓመቷ። የኬት ማክገቨርን «ሩልስ ፎር 50/50 ቻንስስ» ግን ይቅር፤ የእናትየው በሽታ ሀንቲንግተን የሚባል የአንጎል ሕመም ሆኖ 50 በመቶ ለልጅ የመተላለፍ ዕድል ያለው ነው፣ ለዚህ ልጅ የሌለበትን ፍርሃት ያመጣበታል።

አሰጣጡም ይታሰብበት። «ስለ አንተ ነው» ብሎ ማስጨበጥ አያስፈልግም፣ ኬሞ በምትወስድበት ሳምንትም አይሁን። ከሌሎች ሁለት ሦስት መጻሕፍት ጋር ይቀመጥለት፤ ራሱ ያንሳው። አንብቦ ዝም ካለም አትጠይቂው።

የቀበናዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ስልክ ላይ ማንበብ ግን ዓይን አይጎዳም?

ሜሪ፦ ያደክማል! በየመሃሉ ዓይኑን ያሳርፍ።

ደንበኛ፦ ለደንበኛዬ ደውዬ ነበር፣ «ሞንስተር» ሁለት ቀርቶታል።

ጥቁር ገጽ፦ ሥዕሉ ይታያል ወይ በለው።

ደንበኛ፦ ጠይቄዋለሁ። «ጥቁሩ ጥርት ያለ ነው» ብሏል።