ታሪክን፣ ታሪካዊ ልብ ወለድንና ሳይንሳዊ ልብ ወለድን አፈራርቆ ማንበብ አያምታታም?

ጥራዝ ነጠቅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የማነበው ያለ ዕቅድ ነው፤ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ስጨርስ ታሪካዊ ልብ ወለድ አነሣለሁ፣ እሱ ሲሰለቸኝ ደግሞ ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እሻገራለሁ። ይህን ልማዴን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ጸጋ እቆጥረው ነበር። ባለፈው ግን ከአንድ ወዳጄ ጋር ስለ ናፖሊዮን ጦርነቶች ስንጨዋወት፣ እ.ኤ.አ. በ1805 ናፖሊዮን የሩሲያንና የኦስትሪያን ጦር ባሸነፈበት በአውስተርሊትዝ ውጊያ ዋዜማ የጦር ዕቅዱ ለጄኔራሎቹ ሲነበብ የሩሲያው አዛዥ ኩቱዞቭ እንቅልፍ ወስዶት እንደ ነበር አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። ወዳጄ ሣቀና «ይህን ያገኘኸው ከቶልስቶይ ‹ጦርነትና ሰላም› ነው፤ ልብ ወለድ ጠቅሰህ ታሪክ ትከራከራለህ?» አለኝ። ከየት እንዳነበብሁት ማስታወስ ስላልቻልሁ ዝም አልሁ።

ሦስቱን ጎን ለጎን የምታነቡ ሰዎች እንዳይቀላቀልባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለጊዜው ልብ ወለዱን ትቼ ታሪኩን ብቻ ብይዝ ይሻላል? ሳይንሳዊ ልብ ወለድስ ከታሪክ ንባብ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል?

እርሳስና ላጲስ

በመጀመሪያ ወዳጅዎ የቸኮሉ ይመስለኛል። የኩቱዞቭን እንቅልፍ ቶልስቶይ ከራሱ አልፈጠረውም። በዚያ ስብሰባ ላይ የተገኘው፣ ትውልዱ ፈረንሳዊ ሆኖ በሩሲያ ጦር ውስጥ ያገለግል የነበረው ጄኔራል ላንዠሮን በማስታወሻው ጽፎታል፤ ሲደርሱ አዛዡ በከፊል አንቀላፍቶ እንደ ነበርና ከመለያየታቸው በፊት ጭልጥ ብሎ እንደ ተኛ ይናገራል።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ልብ ወለዱ ከዚህ አንድ ፍሬ ነገር ያወጣው ትርጉም ነው። በቶልስቶይ ብዕር እንቅልፉ ጥበብ ሆኗል፤ ሽማግሌው አዛዥ በወረቀት ላይ የተነደፈ ዕቅድ ውጊያን እንደማይመራ ስለሚያውቅ ይተኛል። የማስታወሻውን ቃል ብቻ ያየ አንባቢ ግን ያው እንቅልፍ ቸልተኝነት ነው ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም። ስለዚህ «ይህ ነገር ተፈጽሟል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ይህን ትርጉም የሰጠው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መከተል አለበት። ልብ ወለዱን ቢተዉት ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያነሣሣዎት ያጣሉ።

እኔ ታሪካዊ ልብ ወለድ ሳነብ እርሳስ ከእጄ አይለይም። «ይህስ እውነት ይሆን?» ያሰኘኝ ቦታ ሁሉ ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አኖርና የገጹን ቁጥር በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ልብ ወለዱን ሳላቋርጥ ከጨረስሁ በኋላ ስለዚያው ዘመን የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ከፍቼ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አጣራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፈጠራ ነው ብዬ የጠረጠርሁት እውነት፣ ያልጠረጠርሁት ደግሞ ፈጠራ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ዳር ተመልካች

በእርሳሱ እስማማለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። አስቀድሞ ታሪኩን ያነበበ ሰው ደራሲው ከመዝገቡ የወጣበትን ቦታ እዚያው ያያል፣ ለምን እንደ ወጣም ያስባል። ልብ ወለዱ ከቀደመ ግን ሥዕሉ በአእምሮ ውስጥ ስለሚቀረጽ በኋላ ማረም ይከብዳል።

ታሪክ የተባለው ሁሉ ከፈጠራ የጸዳ ነው ብሎ ማመንም አይገባም። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ በአቴናና በስፓርታ መካከል የተደረገውን የፔሎፖኔዝ ጦርነት ሲጽፍ የተደረጉትን ንግግሮች ቃል በቃል ማስታወስ አዳጋች ስለ ነበር፣ ከእውነተኛው ንግግር አጠቃላይ ሐሳብ ሳይርቅ፣ ተናጋሪዎቹ በየሁኔታው ሊሉት ይገባ የነበረ የመሰለውን እንዳስገባ ራሱ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ገልጿል። ሰውየው ያደረገውን በግልጽ በመናገሩ አከብረዋለሁ። ሳይናገሩ የሚያደርጉት ናቸው የሚያስፈሩኝ።

ጨረቃ ላይ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። ዝምድናው ከሚታሰበው በላይ የቀረበ ነው። ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው የማርስ ወራሪዎች ልብ ወለድ መክፈቻ ላይ፣ በማርሳውያን ላይ ከመፍረዳችን በፊት አውሮፓውያን ሰፋሪዎች በአውስትራሊያ አጠገብ ባለችው በታዝማኒያ ደሴት ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት እንድናስታውስ ይጠይቃል። የቅኝ ግዛትን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን መጽሐፍ የሚያነበው በሌላ ዓይን ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠያቂያችን የገቡበት ዓይነት ወጥመድ አለ፤ እኔም ገብቼበታለሁ። አይዛክ አሲሞቭ ስለ ጋላክሲው መንግሥት መፍረስ የጻፋቸውን ተከታታይ ታሪኮች መነሻ ያገኘው ኤድዋርድ ጊበን እ.ኤ.አ. ከ1776 እስከ 1788 ካሳተመው የሮም መንግሥት ውድቀት ታሪክ ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለቱን በተከታታይ አንብቤ «ታላላቅ መንግሥታት ሁሉ የሚወድቁት በአንድ መንገድ ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ ደረስሁ። ሁለት ምስክር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ያዳመጥሁት ግን አንዱን ምስክር ሁለት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ አንድን የታሪክ አስተሳሰብ ሲያጸናልኝ፣ ደራሲው ያንን አስተሳሰብ ከየት እንደ ወሰደው ሳላጣራ አልቀበለውም።

ጥራዝ ነጠቅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የላንዠሮንን ነገር ለወዳጄ ነገርሁት። ትንሽ አሰበና «ላንዠሮን ራሱ በዚያ ውጊያ ከተሸነፉት ጄኔራሎች አንዱ አይደለም እንዴ? አዛዡ ተኝቶ ነበር ቢል የሚጠቀመው ማን ነው?» አለኝ። ማስታወሻውን ፈልጌ ላነብ ነው፤ እርሳስም ገዝቻለሁ።